ሽርሽር የተባለው የሥራ ጉዞ

የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች (ኢንዲያኖች) ሴት መሪዎች በጎማ ጀልባ ሆነው በቡድን በኮሎራዶ ወንዝ እንዲወርዱ የተዘጋጀ ጉዞ ሰሞኑን በጨዋታ መካከል ሲነሣ፣ እዚሁ ላስ ቬጋስ የሚኖር አንድ ወዳጄ «ለሽርሽር የሚወጣው ገንዘብ ለጠበቃ ቢከፈል ይሻል ነበር» ብሎ ተሳለቀ። ይህ ሰው የዓባይ ነገር በተነሣ ቁጥር፣ ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 ያለ ኢትዮጵያ ውሃውን ተከፋፈሉ እያለ የሚንገበገብ ነው። የከተማችን ውሃ 90 በመቶ ገደማ የሚቀዳው ግን ከኮሎራዶ ነው፤ የጠዋት ቡናውም የሚፈላው በዚሁ ነው።

ጠበቃ ነው ያለው? ከነባሮቹ አንዱ የሆነው የናቫሆ ሕዝብ ስለ ውሃ መብቱ ጠበቃ አቁሞ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ተረትቷል።

የዚህ ወንዝ መከራ የጀመረው ወንዙን በወረቀት ብቻ ከሚያውቁ ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ሳንታ ፌ ላይ ወንዙን የሚጋሩት የሰባቱ ግዛቶች ተወካዮች፣ ዝናብ በበረከተባቸው ዓመታት ልኬት ተማምነው በእውን የሌለ ውሃ ተከፋፈሉ፤ ለነባሮቹ ሕዝቦች የተረፈቻቸው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ዛሬም እ.ኤ.አ. የ2007ቱ የወንዙ ግድቦች አሠራር መመሪያ ከ2026 በኋላ በምን ይተካ በሚለው ክርክር፣ በተፋሰሱ ያሉት 30 ሕዝቦች መቀመጫ ለማግኘት ይታገላሉ። የጀልባ ጉዞ ከሚጀመርበት ከሊስ ፌሪ የወረደች መሪ ግን በሪፖርት የሚደበቀውን በአንድ ሌሊት ታያለች። ከሊስ ፌሪ በላይ ያለው የግሌን ካንየን ግድብ የሚለቀው ውሃ የኤሌክትሪክ ገበያውን ተከትሎ በየዕለቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ማታ ውሃ ላይ የታሰረ ጀልባ ጠዋት አሸዋ ላይ ተቀምጦ ይገኛል፤ ደለሉ ከግድቡ ኋላ ታግቶ ስለቀረም የአሸዋው ዳርቻ ራሱ እየተሸረሸረ ነው። በዚያ አሸዋ ላይ ያደረች ሴት የሜጋዋት ሠንጠረዥ ሲዘረጋላት በቀላሉ አትደለልም። ትንሹ ኮሎራዶ ከትልቁ በሚቀላቀልበት ቦታ ቱሪስት በገመድ ላይ በሚሄድ ካቢን ሊያወርድ የታሰበውን ፕሮጀክት የናቫሆ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ውድቅ ሲያደርግም፣ ተቃውሞውን ለዓመታት የገፉት በአካባቢው በግ የሚያግዱ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ቦታውን በካርታ አልነበረም የሚያውቁት።

ጉዞው ርካሽ እንዳልሆነ አልክድም። «ለምን ሴቶች ብቻ?» ለሚሉት ግን፣ የ1922ቱ ፈራሚዎች በሙሉ ወንዶች እንደነበሩ ላስታውስ።

ወዳጄን አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፤ ከቤቱ በዚሁ ወንዝ ላይ እስካለው ሁቨር ግድብ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም፤ በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ ወንዙን አንዴ እንኳ ሄዶ አይቶት ያውቃል?