«እስኪ አንዴ ና» ብሎ እርዳታ የለም

ሐዋሳ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ባለፈው የወር መዝጊያ ላይ 1,800 ብር አልገጥም አለኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ደረሰኝ ስገልጥ፣ ኤክሴሉን ከላይ እስከ ታች ስደምር አመሸሁ። «ምነው ዓይንህ ቀላ?» ሲሉኝ «ደህና ነኝ» እላለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? አራት ዓመት ሠርቼ «አቃተኝ» ማለት ከበደኝ።

በሦስተኛው ቀን ገንዘብ ያዣችንን ጠየቅኋቸው። ከሚቆጥሩት ብር ቀና እንኳን ሳይሉ «ለ9 አካፍለው እስኪ» አሉኝ። 200 መጣ፣ ቀሪ የለውም።

«አንተ ልጅ፣ ቁጥር ገልብጠሃል። ሺዎቹና መቶዎቹ ላይ ፈልግ።»

ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁሌም ለ9 ይካፈላል። እውነትም የ3,500 ብር የነዳጅ ወጪ 5,300 ተብሎ ገብቷል። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሁለቱን ቀን የበላብኝ ይሉኝታ ነው።

መጠየቅም ግን ወግ አለው። እኛ ቢሮ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው «እስኪ አንዴ ና» ነው። ለምን? ለስንት ደቂቃ? የተጠራው ሥራውን ጥሎ ሲደርስ ጠሪው ስልክ ያወራል። ገበሬ ደቦ ሲጠራ እንዲህ አያደርግም። የትኛው ማሳ፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ሰው እንደሚበቃ ያውቃል፤ ጠላውም ተጠምቋል። ወንፈል ከሆነማ የነገው ተራ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እኔም «1,800 ብር አልገጥም ብሎኛል፣ ከባንኩ ጋር አመሳክሬያለሁ፣ ነገ ጠዋት መዝጋት አለብኝ» ብል ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ባለቀ ነበር።

ረጂዎችም አሉላችሁ። ማውሱን ከእጅህ ነጥቀው ጠቅ ጠቅ ያደርጉና «በቃ፣ አለቀ» ይላሉ። በሚቀጥለው ወር ያንኑ ይዘህ ትመለሳለህ። (እኔም አድርጌዋለሁ፤ ከማሳየት መሥራት ይቀላል።) የባሰው ግን «ችግር የለም» ብሎ የሚጠፋው ነው። «ዛሬ አልችልም፣ ነገ ከምሳ በኋላ» የሚል ሰው እኛ ዘንድ ክፉ ይመስላል። እኔ ግን እሱን እመርጣለሁ። ቢያንስ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።

ገንዘብ ያዣችንን አሞራ ገደል ወስጄ ዓሣ ልጋብዛቸው ብል እምቢ አሉ።

«ዓሣው ይቆይ። ይሄን የደመወዝ ዝርዝር በስም ተራ እንዴት እንደምደረድረው አሳየኝ። ማውሱን ግን እንዳትነካ።»