የዘፋኝ ሰባት ቤት

በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። ሽማግሌዎች ተሰብስበው የእሱን አያት፣ የእሷን ቅድመ አያት እያሉ ሽቅብ ይወጣሉ፤ የሚያስጨንቃቸው ዝምድና እንዳይገኝ ነው። የወጣት ድምፃዊ ቆጠራ የዚህ ግልባጭ ነው። የበዓል ፕሮግራም ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ አዲስ ነጠላ ዜማ የለቀቀው ልጅ የአገር ልብሱን ለብሶ ሶፋ ላይ ይቀመጣል። ጋዜጠኛዋ «የማንን ዘፈን እየሰማህ አደግህ?» ትለዋለች። እዚህ ጋ የሚያስጨንቀው ዝምድና እንዳይታጣ ነው። ደግሞ ከማንም ጋር አይደለም፤ ከከበረና ከሞተ ሰው ጋር።

መልሱ የታወቀ ቀመር አለው፦ አንድ ሟች፣ አንድ የውጭ አገር ሰው፣ አንዲት እናት። ሟቹ ብዙውን ጊዜ ጥላሁን ገሠሠ ነው። የውጭው ሰው ማይክል ጃክሰን ወይም ቦብ ማርሊ ነው፤ እነሱም ሞተዋል። እናት ወጥ ቤት ስታንጎራጉር ልጁ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። በሕይወት ያለ የአገር ልጅ ስሙ አይነሳም፤ በሕይወት ያለ ሰው ስልክ ይደውላላ! «ካከበርከኝ ዜማዬን ስትወስድ ለምን አላስፈቀድከኝም?» ይላል። ሥር ያለው ሆኖ መታየት የፈለገ ደግሞ ቅዱስ ያሬድን ይጨምራል፤ ከቦሌ ተነስቶ በአንድ ዝላይ 6ኛው ክፍለ ዘመን፣ መሃል ላይ ማንንም ሳይነካ። «እስቲ ሦስቱን የያሬድ የዜማ ስልቶች፣ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን፣ ለይተህ አሰማን» የሚል ጋዜጠኛ ግን እስካሁን የቀጠረ ጣቢያ የለም።

የልጁን እውነተኛ ዘር መቁጠር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ድምፁን ይተው። ድምፅ ያታልላል። ይልቅ አጨብጭቡ። ከአንድ እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ እጃችሁ አንድና አራት ላይ ከወደቀ ችክችካ የሚባለው የአገራችን ምት ነው፤ ትከሻም ሳይጠየቅ ይመሰክራል። ቆጠራው አራት ሆኖ ጊታሩ ሁለትና አራት ላይ ቸብ ቸብ ካደረገ ግን ልጁ የፈለገውን ያህል ጥላሁን ጥላሁን ቢል አባትየው የሬጌ አገር ጃማይካ፣ ኪንግስተን ነው ያለው።

ቀጥሎ ቅኝት ነው፣ ዘፈኑ የሚመላለስባቸው አምስት ድምፆች፤ ብዙ ጉድ ያለው እዚህ ነው። ከዶ ብንነሳ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት (ፍላት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ማለት ነው)። አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ትዝታና ባቲ በማይነርም አሉ፤ ለጊዜው ይቆዩን። አሁን ልጁ አንቺሆዬ ይዞ ስቱዲዮ ገባ እንበል። ኮምፒውተሩ ጋ የተቀመጠው ባለሙያ ኦቶቱኑን፣ የተሳተ ድምፅ የሚያቃናውን ፕሮግራም፣ ይከፍታል። ፕሮግራሙ «በየትኛው ስኬል ላስተካክል?» ብሎ ይጠይቃል። ባለሙያው ዶ ሜጀር ላይ ይተወዋል፤ ማለትም ነጭ ነጩን ቁልፍ ብቻ። ሬ ፍላትና ሶል ፍላት ነጩ ላይ ቦታ ስለሌላቸው ፕሮግራሙ ወደ ጎረቤት ይጎትታቸዋል። ሁለቱንም ወደ ላይ ከጎተታቸው የሚቀረው ዶ፣ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ነው። ይህን ከፋ ጀምራችሁ ዘምሩት፦ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ። ጥርት ያለ ትዝታ! አንቺሆዬ ሆኖ የገባው ዘፈን ትዝታ ሆኖ ወጣ። ድምፃዊውም በሳምንቱ ሶፋው ላይ ተቀምጦ «ትዝታን በራሴ መንገድ ልተረጉመው ፈልጌ ነው» ይላል። መድኃኒቱ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ አምስቱን ድምፆች በእጅ መርጦ ሌላውን መዝጋት፣ የማስተካከያውንም ፍጥነት ማዘግየት። ካልዘገየ፣ ማሲንቆ አንዲት ጭራዋን ይዛ በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መሃል የምታደርገውን መንሸራተት ለጉሮሮው የወረሰ ልጅ ቢመጣም ፕሮግራሙ እንደ ስህተት ቆጥሮ ይላጨዋል። እውነተኛ የአዝማሪ የልጅ ልጅ በዚህ መንገድ ዘሩን ተነጥቆ ይወጣል።

ሦስተኛው ምርመራ የተሳሳተ ቃል ፍለጋ ነው፤ ከሁሉም የማይዋሸው ይህ ነው። የድሮ ዘፈን ሸክላው ላይ አንድ ቃል አለ። ከዓመታት በኋላ ሆቴል ውስጥ የሚዘፍን ሰው ግጥሙን በጆሮው እየገለበጠ ወረቀት ላይ ሲጽፍ ካሴቱ አርጅቶ ስለነበር ቃሉን ሳተው፤ ትርጉም የሌለው ነገር ጻፈ፤ ዘፈነውም። ያ ቅጂ ዩቲዩብ ላይ ተጫነ። ዛሬ ወጣቱ ያችኑ ትርጉም የለሽ ቃል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንባ እያቀረረ ይዘፍናታል። በቃ፣ ተገኘ! አባቱ ሸክላው አይደለም፤ ያ የሆቴል ዘፋኝ ነው። ትክክለኛ ቃል ከየትም ሊመጣ ይችላል፤ ስህተት ግን የሚወረሰው ከአንድ ቤት ብቻ ነው። ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታም እንዲሁ ፈትሹ። መሃል ቃል ላይ ትንፋሽ የሚቆርጥ ልጅ ሳንባው አልደከመም፤ የተማረበት ቅጂ እዚያ ጋ ተቆርጦ ነው።

ከዚያ ነፋሹ አለ። «አልበሜ የ60ዎቹን ድባብ ይዟል» ሲባል ትራምፔት፣ ትሮምቦንና ሳክስፎን ይሰማል። በዚያ ዘመን እነዚህን የሚነፉት የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊትና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሙዚቀኞች ነበሩ፤ ደመወዛቸውን መንግሥት ይከፍላቸው ነበር። አሁን ግን ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ። አራቱ ነፋሾች በአንዲት ቅጽበት ይጀምራሉ፣ በአንዲት ቅጽበት ያቆማሉ፤ አንዳቸውም ለትንፋሽ አያርፉም፤ መጨረሻ ላይ ድምፁ ተንሸራቶ የሚወርደው በግራ አውራ ጣት በምትገፋ ጎማ ነው። ኪቦርድ ነው። ይህ ልጅ የክብር ዘበኛ የልጅ ልጅ አይደለም፤ በደርግ ሰዓት እላፊ ባንዶች ሲያንሱ የስድስት ነፋሽ ሥራ በአሥር ጣቱ ላይ የወደቀበት ሰው ልጅ ነው። የሚያሳፍር ዘር መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ ሲንተሳይዘሩንና የከበሮ ማሽኑን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲያጨበጭብለት እሱ እዚያው ታክሲ ይነዳ ነበር።

ከነፋሹ ጋር ሽቅብ የወጣ ሰው አንድ ያልጠበቀው ቤት ይደርሳል። «ንጹህ የአገራችን ድምፅ» የተባለውን ስንከተለው ከቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራ ጀርባ ነርሲስ ናልባንዲያን ቆሟል፤ የአገር ዜማዎችን ለትልቅ ኦርኬስትራ ያቀናበረ አርመናዊ። ከእሱ በላይ አጎቱ ኬቮርክ ናልባንዲያን አለ፤ በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን አርባ አርመን ወላጅ አልባ ልጆች የመራው፣ በ1930 ንግሥና ላይ የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የሠራው። ይህን ለልጁ ብትነግሩት ቅር ይለዋል። ማይክል ጃክሰንን አባቴ ሲል ግን ቅር አላለውም።

ግልባጩም አለ። የቦሌው ራፐር «እኔ የአሜሪካዊው ራፐር የናስ ተከታይ ነኝ» ይላል፤ እንከተለው። ናስ በ2010 ከቦብ ማርሊ ልጅ ከዴሚየን ማርሊ ጋር የሠራው አንድ ራፕ የቆመው የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። ሙላቱ ጅማ ተወልዶ ቦስተን በርክሊ ተምሮ ነው ኢትዮ ጃዝን ይዞ የመጣው፤ ያ ሙዚቃ በ1998 ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ 4ኛ አልበም ላይ ወጥቶ ዓለምን ዞረ። እንግዲህ ራፐራችን አሜሪካ ድረስ ሄዶ ያገኘው ዘመድ ጅማ ነበር። ጌታቸው መኩሪያም እንዲሁ ነው፤ በሳክስፎን ሽለላ ሲሸልል የሰማ የውጭ አገር ጃዝ አዋቂ «ፍሪ ጃዝ» አለው። ዛሬ የኛው ወጣት ሳክስፎኒስት ያንኑ ሲጫወት ፍሪ ጃዝ አጥንቻለሁ ይላል እንጂ ፎካሪ አያቱን አያነሳም።

ሲቆጠር ሁሌ የሚዘለል ወገንም አለ። እኛ ዘር የምንቆጥረው በዘፋኙ በኩል ብቻ ነው፤ ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የደረሰው፣ ያቀናበረው የእናት ወገን ሆነው ይቀራሉ። የካሴት ሽፋን ላይ ቢያንስ በደቃቅ ፊደል ስማቸው ነበር። ዛሬ ክሊፑ ሥር የሚጻፈው «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ነው። ሕዝብ ጥሩ አያት ነው፤ ስልክ አይደውልም፣ ጠበቃ አያቆምም። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996 (ይህኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ ደራሲ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ሥራውን ይጠብቅለታል። ሕዝብ ግን መቼ እንደሞተ ማን ያውቃል? ለሕዝብ የተሰጠው ዜማ አንዳንዴ ባለቤቱ መርካቶ አካባቢ በጤና ሲመላለስ ይታያል።

አዝማሪውንማ ማንም አይቆጥረውም። ሆኖም ሠርግ ላይ «ተቀበል!» የሚለው፣ ከየትም ተመዞ የትኛውም ዘፈን ውስጥ የሚገባው ባለ ሁለት መስመር ግጥም፣ እንግዳ ሽልማት ግንባሩ ላይ ሲለጥፍለት ስሙን በዜማ የሚጠራው ሁሉ የእሱ ነው። ድሮ ልጄ አዝማሪ ሆነ ብሎ ያለቀሰ ቤተሰብ አለ። አሁን ልጁ ዘፋኝ ሲሆን እልል ይባላል፤ አያቱ ማሲንቆ ይመታ እንደነበር ግን ለጋዜጠኛዋ አይነገርም።

ይህ ሁሉ ማጨብጨብና መቁጠር የሚያደክመው ሰው አቋራጭ አለው። ልጁን ትቶ ኪቦርዲስቱን ሻይ ይጋብዘው። ኪቦርዲስት የትኛው መግቢያ ከየትኛው ካሴት እንደተወሰደ፣ የትኛው መሸጋገሪያ ዜማ የማን እንደነበር፣ የትኛውን ዘፈን ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ጌታውን እንዳስረሳው በቅደም ተከተል ያወርደዋል። ሁለተኛው ሻይ ላይ ደግሞ ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ያልተከፈለውን የሠርግ ሒሳብ ከነባለ ዕዳዎቹ ስም ይጨምርበታል።