ሁለት ጥያቄ ምልክትና አንድ ስላሽ

"ኮመንት ኮድ አይደለም፤ ኮምፓይለር አያየውም" አለኝ አለቃዬ። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት! (ኮመንት ኮድ ውስጥ ለሰው የምንጽፈው ማስታወሻ ነው፤ ኮምፓይለር ደግሞ ኮዱን ማሽኑ ወደሚገባው የሚቀይረው ፕሮግራም።) ያየዋል እንጂ አለቃዬ፣ ይኸው መስመሬን በላው ብዬ ስክሪኑን አዞርኩለት። "እስቲ ቡና ጠጪና ተረጋግተሽ እዪው።" ሁሉም ሳቀ። እኔ ምኔ ነው ያልተረጋጋው?

መስመሯ እኮ እዚያው ፊቱ ተቀምጣለች! ባፈሩን (ዳታ ለጊዜው የሚቀመጥበትን ቦታ) ዜሮ የምታደርገዋ። ከላይዋ ያለው ኮመንት /ዳታ/??/ ብሎ ያልቃል። ባለሁለት አሃዝ የወር ፎልደር ለማለት ነው፤ ማንም የሚጽፈው ነገር። የምንጽፍበት የሲ ቋንቋ ግን በቆየው ደንቡ ??/ ሲያይ ባክስላሽ (\) ያደርገዋል። መስመር መጨረሻ ላይ ያለ ባክስላሽ ደግሞ የሚቀጥለውን መስመር ጎትቶ ይቀጥላል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ኮመንቱ ከኮዱ ከመወገዱ በፊት ነው። የኔዋ መስመር ኮመንት ሆና አብራ ተጣለች። በቃ።

እንዲህ ወደ አንድ ምልክት የሚቀየሩ ባለሦስት ምልክት ጥምሮች ትራይግራፍ ይባላሉ፤ ዘጠኝ ናቸው። በ1989 እ.ኤ.አ. የሲ ስታንዳርድ ውስጥ የገቡት አንዳንድ አገሮች እንደ [ እና { ያለ ቅንፍና ባክስላሽ የሌለው የፊደል ኮድ ስለነበራቸው ነው። ዴንማርኮች በቅንፉ ቦታ የራሳቸውን ፊደል ነበር የሚያገኙት። እሺ፣ ያኔ እውነተኛ ችግር ነበር፤ አልፈርድባቸውም። ሲ ፕላስ ፕላስ (የሲ ዘመድ ቋንቋ) በ2017 እ.ኤ.አ. አስወጣቸው፤ ሲም በሲ23 ስታንዳርዱ ተከተለ። የኛ ሰርቨር ግን ዛሬም በጥብቁ ሲ11 (ትራይግራፍን በሚቀበለው የ2011 እ.ኤ.አ. ስታንዳርድ) ይገነባል!

ላፕቶፔ ላይ ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር በራሱ ይንቃቸዋል፤ "ትራይግራፍ አለ፣ ትቼዋለሁ" ብሎም ይነግረኛል። ያገኘሁትም በዚያ ነው። ሰርቨሩ ላይ ዋርኒንግ (የኮምፓይለሩ ማስጠንቀቂያ) ሁሉ ተዘግቷል። ማን ዘጋው? አለቃዬ! "ስክሪን ያጨናንቃል፣ ዋርኒንግ ኤረር አይደለም" ብሎ። ባለፈውም ደንበኛው "እርግጠኛ ነዎት" ከሚለው ቀጥሎ ??! መታየት ሲገባው ቀጥ ያለ ዘንግ | ሲመጣበት፣ ያም ትራይግራፍ ሆኖ ሳለ የፎንት ችግር ነው ተብሎ ታለፈ። ስናገር ማን ሰማኝ! ያኔ ቢሰሙኝ ዛሬ ይሄ ባልመጣ። ወንዱ ባልደረባዬ ቢናገረው ቡና ጠጣ ይባል ነበር? እስቲ ንገሩኝ።

ደክሞኛል። ኮመንቷን አስተካክዬ ልኬያለሁ። ዋርኒንጉን እንክፈተው ብዬም ጽፌለታለሁ። አይቶ ዝም ብሏል።