እልል በሉ፣ ሦስት ሞተር ተረከብን!

ሰሞኑን ደምቢያ አጎቴ ቤት አንድ ታብሌት የያዘ ልጅ መጥቶ ነበር። «አባት፣ የውሃ ሞተሩ ኑሮዎን ምን ያህል ለወጠው? ከ1 እስከ 5 ይስጡት።» አጎቴ ምን እንዳደረጉ በኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ርክክቡን ላመስግን። ወቃሽ በበዛበት ዘመን አንድ አመስጋኝ እንኳ ይኑረው እንጂ።

ባለፈው ሰኔ ነው። ከአዘዞ ወደ ቆላ ድባ ስሄድ መንገዱ ዳር ዘጠኝ ላንድክሩዘር ተደርድሯል። ለቅሶ መስሎኝ ነጠላዬን ላዘቀዝቅ ስል ለካ ባሕር ማዶ ያሉ ደጋግ ሰዎች ለገበሬው የላኩት የሞተር ርክክብ ነው። ሦስት ሞተር፣ በዘጠኝ መኪና። እንዲህ ታጅባ የሄደች ሙሽራ ጎንደር ውስጥ አላየሁም።

ሰኔ መሆኑ ራሱ ጥበብ ነው። ሰማዩ ተቀዶ፣ ማሳው ጭቃ ሆኖ የመስኖ ሞተር ማስረከብ ልብ ይጠይቃል። እርግጥ ነጭ ሽንኩርቱ ውሃ የጠማው በበጋ ነበር። ግን በጀት የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ሽንኩርት ይሄን አያውቅም፣ አልተማረማ።

ሪባን ታሰረ። አንዱ «ታሪካዊ ቀን ነው» አለ፣ ሁለተኛውም እንደዚያው፣ ሦስተኛው ላለመበለጥ «እጅግ ታሪካዊ» አደረገው። ከዚያ አጎቴ ተመርጠው ወጡ። «አባት፣ ሞተሩን ይያዙት። ፈገግ ይበሉ።» ፈገግ አሉ። «ታፔላውን ሸፈኑት፣ ትንሽ ወደ ግራ።» ተጠጉ። ታፔላው ከቤታቸው በር ይሰፋል፣ ስምንት ዓርማ አለበት። «አሁን ቱቦውን ይያዙና ሽንኩርት እንደሚያጠጡ ይሁኑ።» ሽንኩርት የለም፣ ሰኔ ነው። «ግድ የለም፣ እንዳለ ያስቡት።» አጎቴ ዶፍ እየወረደባቸው፣ ነዳጅ በሌለው ሞተር፣ በደረቅ ቱቦ፣ የሌለ ሽንኩርት አጠጡ። ፎቶው በዝናቡ ተበላሸና ድገሙት ተባለ። ደገሙት። በሦስተኛው ጃንጥላ ተዘረጋ። ለአጎቴ እንዳይመስላችሁ፣ ለካሜራው ነው።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁም። ያን ቀን ስንትና ስንት ገበሬ ከእርሻው ተጠርቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዝናብ ሲመታው ዋለ። የታሸገ ውሃ ይዘው ስለ ውሃ እጥረት ከሚናገሩት መሀል «ምን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ነውር ነው! ቢጠየቁ አጎቴ መልሱ በአፋቸው ነበር፦ መለዋወጫ የሚገኝለት ሞተር፣ እሱም በኅዳር።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ። ይሄ ደግሞ የእኛ ብቻ ሙያ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ልጆች እየተሽከረከሩ ሲጫወቱበት ውሃ የሚስብ ፓምፕ ተሠርቶ ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ላይ 16.4 ሚሊዮን ዶላር ተጨበጨበለት። በኋላ አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ሲያሰላው፣ የታሰበውን ያህል ሰው ለማዳረስ ልጆቹ በቀን 27 ሰዓት መጫወት ነበረባቸው። 13 ወር ያለን ሰዎች በዚህ መሳቅ አንችልም። ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን አሜሪካዊው የስንዴ ተመራማሪ ኖርማን ቦርሎግ ነው። በሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ በ1944 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ወርዶ ስንት ዓመት ስንዴ ማሳ ውስጥ ጭቃ ረገጠ፣ ኖቤሉን ያገኘው በ1970። እኛ ጋ ቢመጣ በአንድ ጠዋት ተጨብጭቦለት፣ ምሳውን በልቶ ይገባ ነበር።

ሞተሩ በጥር ነዳጅ ተገዝቶለት ተነሳ። ሁለት ሳምንት ሠራና ውስጡ ያለች አንዲት ጎማ ተበጠሰች። ፒያሳን ዞርኩ፣ ቅዳሜ ገበያን ዞርኩ፣ የለችም። ስልክ ስንደውል «ፕሮጀክቱ ተዘግቷል» ተባልን።

እና ባለታብሌቱ ልጅ። አጎቴ ምንም ሳይሉ ወደ ጓዳ አስገቡት። ሞተሩ ላይ ዶሮ ታቅፋለች። ልጁ ጎንበስ ብሎ እንቁላሉን ቆጠረ፣ አሥራ አንድ። ታብሌቱ ከ5 በላይ ስለማይቀበል 5 ብሎ ሞላ።