ሙገሳ ከሞገስ ነው

ስለ ሙገሳና ውዳሴ ባነበብሁት አንድ ጽሑፍ ጸሐፊው «ሙገሳና ውዳሴ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ የምርጫ ጉዳይ ነው» ብለው ማለፋቸው አልተዋጠልኝም። ትርጉማቸው ይቀራረባል እንጂ ዘራቸው ለየቅል ነው።

ሙገሳ የሚመዘዘው ከሞገስ ነው። በግእዙ የሉቃስ ወንጌል መልአኩ ማርያምን «ረከብኪ ሞገሰ» ይላታል፤ ባለሟልነትን፣ በሌላው ፊት መወደድን አገኘሽ ማለቱ ነው። ዛሬም «ሞገስ ያለው ሰው» ስንል መልክና ቁመት ብቻ አንቆጥርም፤ ሲገባ ቤቱ ጸጥ የሚልለትን ሰው ነው። ስለዚህ «አሞገሰ» ሲፈታ ሞገስ አለበሰ እንደ ማለት ነው። ሰውን በአደባባይ ማሞገስ፣ በሰው ፊት ካባ እንደ መደረብ። ለዚህ ይመስለኛል ሙገሳ ያለ ሰሚ የማያምረው።

ውዳሴ ግን ወደሰ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ የቅኔው መወድስም ወንድሙ ነው። ውዳሴ ማርያምን ሲሰማ ላደገ ሰው ቃሉ ዕጣን ዕጣን ይሸታል። አንድ ጊዜ በጡረታ ሽኝት ላይ አንድ ኃላፊ «የላቀ ውዳሴ እናቀርብልዎታለን» ብለው ሲያነቡ፣ ተሸኚው ሽማግሌ ወደ ጎን ዘንበል ብለው «ኧረ ገና በሕይወት አለሁ» አሉኝ።

«ውዳሴ ከንቱ»ን ግን ጸሐፊው ሳያነሡት መቅረታቸው አስገርሞኛል። የቃላቱ ቅደም ተከተል የግእዝ ነው፤ በአማርኛ አገባብ «ከንቱ ውዳሴ» ይሆናል። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ስድብነቱ የሚከርረው ግን በግእዙ ነው።