አዞዋ ሳጥን ውስጥ ናት

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፍራንክፈርት፣ አንድ ሽማግሌ ወዳጃችን ቤት ቡና ላይ ነን። ሽማግሌው በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ምድር ባቡር ጥገና ክፍል ሠርተዋል። እዚህም መጥተው ጡረታ እስኪወጡ ከብረት አልተላቀቁም። ሳሎናቸው ውስጥ ሶፋ መቀመጥ በነበረበት ቦታ ትልቅ ጣውላ ተዘርግቷል። ጣውላው ላይ ሐዲድ አለ፣ ተራራ አለ፣ ዋሻ አለ፣ የጫማ ሳጥን የማታክል ጣቢያ አለች። ባለቤታቸው እንግዳ በመጣ ቁጥር "እኔ ያገባሁት ሰው አይደለም፣ ለገሀርን ነው" ይላሉ።

ነገሩን ይዞት የመጣው ከመካከላችን በዕድሜ ልጅ የሚባለው ነው። ልጅ ስል አርባን አልፏል። ባንክ ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ ይሠራል፣ ደመወዙም ደህና ነው። አንድ ሳጥን በሁለት እጁ ታቅፎ ገባ። አስተቃቀፉን ያየ ክርስትና የሚነሳ ሕፃን ይዞ የመጣ ይመስለው ነበር።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉት ሽማግሌው።

"አዞ ናት፣ ጋሼ።"

ባለቤታቸው ከረከቦቱ ቀና አሉ። "በስመ አብ!"

አዞ የስዊዘርላንድ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ቅጽል ስም ነው። መሀሉ ላይ ቤት የመሰለ የነጂ ክፍል አለ፤ ከፊትም ከኋላም ረጅም አፍንጫ ወጥቶለታል። ሦስቱ ክፍሎች በማጠፊያ ስለተያያዙ ኩርባ ላይ እንደ እንስሳ ይተጣጠፋል። የመጀመሪያዎቹ 33ቱ፣ በመለያ ቁጥራቸው "ሁለተኛ" የሚባሉት፣ ከ1919 እስከ 1922 ነው የተሠሩት (ዘመኑን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። አንዱ 128 ቶን ይመዝናል። በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ ነው፤ ግን የተሠራው ለሩጫ ሳይሆን የዕቃ ባቡር እየጎተተ ጎትሃርድ የሚባለውን ተራራ እንዲወጣ ነው። በብዙ አገር ባቡር ከሚወዱ ሰዎች ቤት ይህ አዞ በትንሹ ተሠርቶ አለ። አሁን አንድ ፋብሪካ አዲስ አወጣ። የፋብሪካውን ስም አልጠራም፣ በኋላ የምለው ነገር ስላለ።

ልጁ ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አኖረና ከኪሱ ነጭ የጥጥ ጓንት አወጣ። እውነቴን ነው፣ ጓንት! ሐኪም ይመስል ጣት በጣት አጠለቀው። ከዚያ ክዳኑን ከፈተ፣ ስፖንጁን አነሳ፣ አወጣት።

እውነት እንነጋገር ከተባለ ታምራለች። ከእውነተኛው 87 ጊዜ ታንሳለች፤ ርዝመቷ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አረንጓዴ ናት። የብረቱ ብሎኖች አንድ በአንድ ይታያሉ። ጎኗ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሽማግሌው በማጉያ መነጽር አነበቡት፣ ፊደሉ አልተላቀቀም። ነጂው የሚወጣበት መሰላል፣ ነጂው የሚይዘው ብረት፣ ሁሉም አለ። መያዣው ብረት ከፀጉር ትንሽ ቢወፍር ነው። ልጁ ስልኩን ነካ ሲያደርግ ጣሪያዋ ላይ ያለው ፓንቶግራፍ፣ ሽቦውን የሚነካው ክንድ ማለት ነው፣ ቀስ ብሎ ብቻውን ተነሳ። ሌላ ነካ ሲያደርግ ውስጧ እምምም አለ፤ ቀጥሎ ፊሽካ። የእመቤቲቱ ድመት ከጣውላው ሥር ወጥታ ጠፋች።

"የትኛዋ ናት?" አሉ ሽማግሌው።

"እንዴት የትኛዋ?"

"ሁለተኛዋ ናት ሦስተኛዋ?"

"አዲሷ" አለ ልጁ።

ሽማግሌው ስቀው የጥርስ መፋቂያ እንጨት አነሱ። ከጎማዎቹ መሀል የጎን ዘንጎቹን የሚያገናኘውን ብረት በእንጨቱ ጫፍ አሳዩን። ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። "ይሄ ሦስት ማዕዘን ካለ ሁለተኛዋ ናት። በ1926 እና በ1927 የወጡት 18ቱ ሦስተኛዎቹ በዚህ ፈንታ አንድ ገደድ ያለ ዘንግ ነው ያላቸው።" ያን ያህል ገንዘብ አውጥቶ የገዛት ሰውዬ የገዛው ምን እንደሆነ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። እኔ ምንም አላልኩም፣ ቡናዬን ጠጣሁ።

"በል እንግዲህ፣ ሐዲዱ ላይ አስቀምጣት እንያት።"

ልጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። "ይቅርታ ጋሼ፣ እሷ የምትነዳ አይደለችም።"

"ሞተር የላትም?"

"አላት። ግን የምትነዳ አይደለችም።"

ሽማግሌው ስኒያቸውን አስቀመጡ። "አቦ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አሉ።

ክርክሩ ከዚህ ተነሳ። ልጁ ምክንያቶቹን ደረደረ። የወጡት ጥቂት ናቸው አለ። ሰርተፊኬት አላት፣ ሰርተፊኬቱም ቁጥር አለው አለ፤ ቁጥሩንም አሳየን። አንዴ ከተነዳች ጎማዋ ይቧጨራል፣ ጎማዋ ከተቧጨረ ዋጋዋ ይወርዳል አለ። በመጨረሻ "ኢንቨስትመንት ናት" አለ። ይህችን ቃል የሰማ ሁሉ መቼም አፉን ይዘጋል ብሎ የሚያስብ ዓይነት ሰው ነው።

"መቼ ልትሸጣት?" አሉት።

"መሸጥስ... አልሸጣትም። እወዳታለሁ።"

"አትነዳትም፣ አትሸጣትም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።"

ታክሲ የሚነዳው ወዳጃችን እዚህ ላይ "ሁለታችሁም ልክ ናችሁ" አለ። እሱ እንደዚህ ነው። ሁለት መኪና ቢጋጭ ሁለቱም ልክ ናቸው የሚል ሰው ነው።

ልጁ ግን አንድ ጥሩ ነገር ተናገረ፣ አልክድም። "ጋሼ፣ የኤሌክትሪክ ባቡር እኮ ላሙ ሰማይ ላይ ናት። ወተቱን ከላይ ከሽቦው ነው የሚያልበው!" ሁላችንም ሳቅን። ሽማግሌውም ሳቁ። በዚያ ከሰዓት በኋላ ከአፉ የወጣ ብቸኛ ቁም ነገር ነው።

"ልክ ብለሃል" አሉት። "ግን እኮ አልቧል! ስዊዞች የድንጋይ ከሰል የላቸውም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ከሰሉ ጠፋ፣ የተገኘውም እሳት ሆነ። ያላቸው ውሃ ነው። ከተራራ የሚወርደውን ውሃ መብራት አደረጉት፣ 15,000 ቮልት ሽቦ ላይ ሰቀሉት። በ1922 ጎትሃርድን ከዳር እስከ ዳር በመብራት ይጓዙ ነበር። ደግሞ አዞው ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ይሆንና መብራት ያመነጫል፣ ወደ ሽቦው ይመልሰዋል። የሚወርደው የሚወጣውን ያግዛል ማለት ነው። ያቺ ላም ታልባለች። ያንተዋስ? ፓንቶግራፏን ብታነሳው ብታወርደው እዚያ ላይ ምንም የለም። መብራቱን የምታገኘው ከሐዲዱ ነው። ሐዲድ ላይ ደግሞ አላስቀምጣትም አልክ።"

ልጁ መልስ አልነበረውም። "ጋሼ፣ የእርስዎ ትውልድና የእኛ አስተሳሰብ ይለያያል" አለ። መልስ ያጣ ሰው ሁሌ ትውልድ ውስጥ ነው የሚደበቀው።

ያስቻለን የቤቱ እመቤት ናቸው። ሦስተኛውን እየቀዱ፣ ፊታቸውን ሳያነሱ፣ "ልጄ፣ ቡና እኮ ተቀድቶ ለማየት አይደለም" አሉ። ልጁ ቀላ። "እሺ፣ አንድ ዙር ብቻ" አለ።

ሽማግሌው ሐዲዱን በጨርቅ ጠረጉ። ጣውላቸው ላይ አንድ ዳገት አለ፤ በ1 ሜትር 3 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ጎትሃርድ በ1,000 ሜትር 26 ሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ የሳቸው ይብሳል። ዘጠኝ ፉርጎ ቀጠሉባት። ልጁ ስልኩን ነካ፣ አዞዋ እምምም አለች፣ የጎን ዘንጎቿ መዞር ጀመሩ። ዘንጎቹ ሲዞሩ ማየት! ሳጥን ውስጥ ሆና አንድ ሺህ ዓመት ብታያት ያንን አታየውም። ኩርባው ላይ አፍንጫዋ ቀድሞ ዞረ፣ መሀሏ ተከተለ፣ ጅራቷ ተከተለ። ዳገቱ ግማሽ ላይ ስትደርስ ቆመች። ጎማዎቿ ይዞራሉ፣ እሷ አትንቀሳቀስም።

"አላልኩም!" አለ ልጁ። "ይቺ ለጉተታ አይደለችም!" ደስ ያለው መሰለኝ።

ሽማግሌው መልስ አልሰጡትም። አነሷት፣ ገለበጧት፣ መፋቂያዋን ወስደው ጎማዋ ላይ አሹና ጫፏን በመብራቱ አዩት። ዘይት ነው። ከፋብሪካ ስትወጣ የቀቧት ዘይት ጎማው ላይ ፈሷል። ጥጥ በአልኮል ነክረው ጎማዎቹን አንድ በአንድ ጠረጉ፤ እንዳትንሸራተት የተጠለቀላትንም የላስቲክ ቀለበት ሳይቀር። ሐዲዱ ላይ መለሷት። ዘጠኙን ፉርጎ ይዛ ወጣች። አሥራ ሁለት አደረጓቸው፣ ወጣች። አሥራ አራት ላይ ትንሽ አቃሰተች፣ ግን ወጣች። እመቤቲቱ እልል አሉ።

እንግዲህ ስለ አዲሷ አዞ ምን ትላለህ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ጎበዝ ናት እላለሁ። ሞተሯ ለስላሳ ነው፣ ቀስ ብላ ስትሄድ እንኳ አትንቀጠቀጥም። ድምፁ ይበዛል፣ ግን ይጠፋል። ዋጋዋን አልነግራችሁም፤ ሲነግረን ቡናው ተናንቆኛል። ጥፋቷ ያ ፀጉር የመሰለ መያዣ ነው። የሠሩት ሰዎች እጅ ይነካታል ብለው አላሰቡም። ለዓይን ብለው ነው ያሳመሯት። እንደዚህ ዓይነት ልጆች እንደሚገዟት ያውቃሉ ማለት ነው።

መያዣውን የሰበረው ማን መሰላችሁ? ሽማግሌው ከሆኑ ትገምታላችሁ። አይደሉም። እሳቸው ገልብጠዋታል፣ አገላብጠዋታል፣ አንድ ነገር አልጎደለባትም። አሥራ አምስተኛውን ፉርጎ ሊቀጥሉ ሲሉ ልጁ "በቃ ጋሼ!" ብሎ በጓንቱ ከእጃቸው ቀማት። ጥጡ መያዣው ላይ ተሰካ፣ ጠቅ አለ። ጓንቱ!

አኩርፎ ሳጥኗ ውስጥ ከቶ ሄደ። ሽማግሌው በሩ ሲዘጋ ለመጨረሻ ጊዜ አሉት፣ "ላም አለኝ በሰማይ..." የቀረውን እኛ ሞላንላቸው።

እኔን የሚያናድደኝ ልጁ አይደለም። እኔ ያደግኩት ቡፌ ባለበት ቤት ነው። ቡፌው ውስጥ ስድስት አበባ ያለባቸው ስኒዎች ነበሩ። እናቴ በየሳምንቱ አውጥታ ታጥባቸዋለች፣ ትመልሳቸዋለች። እኛ በፕላስቲክ ነበር የምንጠጣው። "ለእንግዳ ነው" ትል ነበር። እንግዳ መጣ፣ ሄደ፣ ስኒዎቹ አልወጡም። የወጡት አባቴ የሞተ ጊዜ፣ ለለቅሶ ነው። ሁለቱ በሦስተኛው ቀን ተሰበሩ። አባቴ ግን አንድም ቀን አልጠጣባቸውም።

ያ በሽታ ቀለለ ስል ባሰበት። ሶፋው ላይ ያለው ላስቲክ አይነሳም። አገር ቤት ቤት ሠርቶ ቆልፎ የሚሄደው በዛ፤ ሳሎኑን በስልክ ያሳይሃል፣ የሚተኛበት የለም። ሠርግ ላይ ሰው አይጨፍርም፣ ይቀርጻል። ዕቃ ገዝቶ የሚጠቀመው ቀርቶ ዕቃው ከሳጥን ሲወጣ ቀርጾ የሚያሳየው ነው የተከበረው። ማሽን ሲመጣ ሪባን የሚቆርጠው ሞልቷል፤ ከወር በኋላ ዘይቱን የሚያየው የለም።

ሽማግሌው ድሬዳዋ ሳሉ ምንም አዲስ ነገር አልነበራቸውም። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ነው፣ አዲስ አበባ በ1917። ስፋቱ አንድ ሜትር፣ በፊት በእንፋሎት በኋላ በዲዝል። መለዋወጫ ጠብቀን አናውቅም ይላሉ፣ የተሰበረውን ራሳችን ቶርኖ ላይ ነበር የምንቀርጸው። በ2016 አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር እስከ ጅቡቲ ተመረቀ፣ በ2018 መደበኛ ሥራ ጀመረ። ያን ጊዜ ምረቃውን በቴሌቪዥን አብረን አየን። እኛ ስናጨበጭብ እሳቸው የሚያዩት ሎኮሞቲቩን ነበር። "ውሃችን እንደ ስዊዞቹ ባቡር ጎተተ" ብለው እንባቸው መጣ። ቀጥለው ምን አሉ? "ጥገና ክፍሉን ለምን አያሳዩንም?" አሉ። ካሜራው አላሳያቸውም። ጥገና ክፍል የሚያሳይ ካሜራ አይቼ አላውቅም፤ ግራሶ የነካው ሰው ስሙም አይጠራም። ሰርተፊኬት ያለው እሱ አይደለማ፣ ሰርተፊኬቱ የሳጥኑ ነው።

የተነቀለችውን መያዣ እመቤቲቱ በማግስቱ ምንጣፉን ሲጠርጉ አገኟት። ሽማግሌው በክብሪት ቀፎ ውስጥ ጥጥ አንጥፈው አስቀምጠዋታል። ሙጫም ገዝተዋል፣ በመርፌ ጫፍ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው ይላሉ። ለልጁ ደውዬ ነገርኩት። "እመጣለሁ፣ ግን ሳጥኗን መክፈት ፈርቼ ነው" አለኝ። ሦስት ሳምንት ሆነው።