ለክቡር 200 ሜትር፤ ባሉበት

ቁጥር፦ መዝገብ ቤቷ ሻይ ወጥታለች
ቀን፦ ሰኔ 12
ጉዳዩ፦ የቦርከናን ወንዝ ከሰው ሳሎን እንዲያስወጡልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

«ባሉበት» ያልኩት ለወጉ ነው። እርስዎ መቼ ባሉበት ተገኝተው ያውቃሉ? እርስዎ የካርታ ስህተት ነዎት፤ ሙያዎ ካሉበት ፈቀቅ ማለት ነው። ወደ ደቡብ 200 ሜትር ገደማ፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ 100 ሜትር ገደማ። በሰያፍ ከተለኩ 225 አካባቢ ይደርሳሉ። እኛ ግን 200 ሜትር እያልን አቆላምጠን ነው የምንጠራዎት።

ባለፈው ሐሙስ ኮምቦልቻ ላይ የሠሩኝን ሥራ አይረሱትም። የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሏል። ወንበሩ አልበቃ ብሎ ወጣቶቹ መስኮት ላይ ተቀምጠዋል። የግድግዳው ቀለም ስለተላጠ ነጭ አንሶላ ተወጥሮልኛል። ፕሮጀክተሩ ሠራ። መብራቱም አልሄደም። ዓመቱን ሙሉ ሳንፈልግ የሚሄደው መብራት፣ የሚያስፈልገን ቀን ቁጭ አለ።

አለቃዬ ፊት ለፊት እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል። አንሶላው ላይ የሳተላይት ፎቶ አለ፤ ቆርቆሮ ጣሪያው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከላዩ በኮምፒውተር የሠራሁት የጎርፍ ሞዴል የወንዝ መስመር፣ ሰማያዊ፣ ወፈር ያለ። ከመስመሩ ግራና ቀኝ 30፣ 30 ሜትር ቀይ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ይህ ሰማያዊው ቦርከና ነው» አልኩ። «ቀዩ ውስጥ ያሉት ቤቶች ለጎርፍ ስለሚጋለጡ ተመዝግበዋል።»

ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አንድ አባት ተነሡ። ከዘራቸውን ይዘው ዝግ ብለው አንሶላው ድረስ መጡ። በከዘራው ጫፍ አንዲት ጥቁር ነጥብ ነኩ። አንሶላው ተርገበገበ። ቦርከናም አብሮ ተርገበገበ።

«ልጄ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«ሮቶ ትመስለኛለች፣ አባባ።»

«የኔ ሮቶ ናት። ልጄ ከዓረብ አገር ብር ልካ ነው የገዛኋት።»

«እሺ፣ አባባ።»

«ይሄ ሰማያዊው ደግሞ ቦርከና ነው አልከኝ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ሮቶ ምን አስገዛኝ? ወላሂ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ጄሪካን ይዤ ውሃ ስጠብቅ፣ ወንዙ ሳሎኔ ውስጥ ነበር ለካ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መስኮት ላይ ከተቀመጡት አንዱ ወደ ውጭ ሊወድቅ ለትንሽ ተረፈ። ሻይ የምታድለው ልጅ ትሪውን መሬት አስቀምጣ ሳቀች። አለቃዬ አልሳቁም። «ቴክኒካል ነው» አሉ። «ቴክኒካል» የ«ሲስተም የለም» ታላቅ ወንድም ነው፤ እርስዎም ያውቁታል።

እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ማውዙን ይዤ ወንዙን በእጄ ልገፋው ሞከርኩ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ! አንዱን ጃንክሽን፣ ማለትም የወንዙን መጋጠሚያ ነጥብ፣ ጎተትኩት፤ ሪቹ፣ በነጥቦቹ መሃል ያለው የወንዙ ክፍል፣ አብሮ ተጎትቶ እንደ ስልክ ሽቦ ቀጥ ብሎ ተገተረ። ሌላውን ስጎትት የመጀመሪያው ተጣመመ።

«አሁን ደግሞ መስጊዱን መታው!» አለ አንዱ ከመስኮት።

«ተወው ልጄ፣ አብሽር» አሉ አባባ። «ሳሎን ይሻላል።»

ሳቁ ሲበርድ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው።

«የኔ ቤት አጥሩ ወንዙ ላይ ነው። ባለፈው ነሐሴ ሌሊት ውሃው አልጋ ደረሰ። ልጆቹን ቁምሳጥን ላይ አውጥቼ ቆሜ አደርኩ። የጤፉ ጆንያ ተበላሸ። ዝርዝሩ ላይ ስሜን ፈለግኩ፤ የለም።»

አንሶላው ላይ ፈለግኳቸው። ቤታቸው አለ። እውነተኛው ቦርከና፣ ቡናማው፣ አጥራቸው ሥር ሲያልፍ ፎቶው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሞዴሉ ቦርከና ግን ማዶ ሌላ ሰፈር ውስጥ ይሄዳል፣ ቀዩን ይዞ። በእናትየዋ ሰፈር ወንዝ ዳር ካሉት ቤቶች አንዱም ቀዩ ውስጥ አልገባም። አንዱም።

እዚህ ላይ ክቡርነት ይብቃ። አንተ። ልጆች ቁምሳጥን ላይ ያደሩበትን ቤት ደረቅ ነው ብለህ አስፈረምከኝ። ወንዝ ገብቶት የማያውቀውን ሳሎን ጎርፍ ውስጥ ነው ብለህ አስፈረምከኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስሜ ነው፣ ያንተ አይደለም። የአሸዋ ጆንያው የሚሄደው ዝርዝሩ ወዳለበት ነው። ጋቢዮኑ፣ ያ በሽቦ የሚታሰረው የድንጋይ ግንብ፣ የሚታሰረው ቀዩ ባለበት ነው። ሐምሌ ደግሞ ደጅ ላይ ነው። ደሴ ላይ የዘነበው ዝናብ በዶሮ መዝለያ በኩል ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ የማንን ሼፕፋይል፣ የማንን የካርታ ፋይል ነው የሚጠይቀው? ሴትዮዋ መልስ እየጠበቁ ቆመው ነበር። «እናየዋለን» አልኳቸው። እኔም ለካ ያንን ቃል ተምሬዋለሁ።

ይቅርታ፣ አንተ አልኩ። ወደ ወጉ እንመለስ።

ለማያውቁዎት ላስተዋውቅ። ክቡርነትዎ የዘር ሐረግዎ ረጅም ነው። እነዚያ 1 ለ50,000 የሆኑት የቆዩ ካርታዎቻችን የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ ነው። ስሙን ያገኘው ከግብፅና ከሱዳን ድንበር አካባቢ ካለ ቦታ ነው። የምድርን ቅርጽ የሚወስደውም ክላርክ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1880 ካሰላው ነው። የስልካችን ጂፒኤስና የሳተላይት ፎቶው ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ ይሄዳሉ። ሁለቱም ደሴንና ኮምቦልቻን በአንድ የካርታ ቀጠና፣ ዞን 37 ውስጥ ያስቀምጣሉ። ሁለቱም በሜትር ይናገራሉ። ቁጥሮቻቸው መንትያ ይመስላሉ። በመሃላቸው ግን እርስዎ ተጋድመዋል። ወረቀቱ ላይ 4 ሚሊ ተኩል ቢሆኑ ነው፤ አንዲት የምስር ክክ። መሬት ሲወርዱ የአባባ ሳሎን ይሆናሉ።

የትኛው መነሻ እንደሆነ ለሶፍትዌሩ የምትናገረው አንዲት ፋይል ናት። ሼፕፋይል አንድ ፋይል አይደለም፣ ቤተሰብ ነው። ዶት ኤስ ኤች ፒ አለ፣ ዶት ኤስ ኤች ኤክስ አለ፣ ዶት ዲ ቢ ኤፍ አለ። ዶት ፒ አር ጄ ደግሞ የቤተሰቡ የቀበሌ መታወቂያ ናት። ወንዙን ከድሮው ካርታ ላይ የሳለው ባልደረባዬ ሦስቱን በቴሌግራም ላከልኝ። መታወቂያዋን ረሳት። ብደውል መስክ ነው፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ» ትላለች ሴትዮዋ። ሶፍትዌሩ «ይሄ ወንዝ ከየት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ደብሊው ጂ ኤስ ብዬ «ኦኬ»ን ተጫንኩ። ይህን ሳልፈራ የምናዘዘው አለቃዬ ከሦስት መስመር በላይ የሆነ ነገር እንደማያነቡ ስለማውቅ ነው።

ምልክት አልነበረም አልልም። ድልድዩን በእጅ ጂፒኤስ ለክተን ነበር። ካርታው ላይ ድልድዩ ደረቅ መሬት ላይ ብቻውን ቆሟል፣ ወንዙ ርቆ በሰው ጓሮ ያልፋል። «ድልድዩን የለካው ልጅ ተሳስቷል» አልኩ። ልጁን ሰው ፊት ተቆጣሁት። ልጁ ልክ ነበር። እስካሁን ይቅርታ አልጠየቅኩትም፤ ቡና ብቻ ጋብዤዋለሁ።

ደግሞ የሚያናድደው ስሌቱ ግድ አይሰጠውም። ሄክ-ኤች ኤም ኤስ በሚባለው የጎርፍ ማስሊያ ሶፍትዌር ውስጥ ማስኪንገም-ከንጅ በሚባል ዘዴ ስሠራ ርዝመቱንም፣ ተዳፋቱንም፣ የቦዩን ቅርጽም የምሞላው በቁጥር ነው። (ማስኪንገም ራሱ ኦሃዮ ውስጥ ያለ ወንዝ ነው። የቦርከናን ጎርፍ በሰው አገር ወንዝ ስም ማስላታችን አንዳንዴ ይገርመኛል።) ውሃው ከደሴ ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ይወርዳል፤ ቁጥሩን በትክክል ከሞላሁ መስመሩ አንሶላው ላይ ቢጣመም ባይጣመም ውጤቱ ያው ነው። የውሃው መጠን ልክ ሆኖ ሳለ ውሃው የሚሄድበት ቦታ ስህተት ነበር። ስዕል ብቻ ሆነው ቢቀሩ ኖሮ፣ ክቡር ሆይ፣ አልጣላዎትም ነበር። ቢሮው ግን ቤት የቆጠረው ከስዕሉ ላይ ነው።

የቆየ ቂምም አለኝ፤ አላበዛውም። አምና ደሴ ላይ አንድ ጃንክሽን መናኸሪያ ላይ አስቀምጠውብኛል። አንዴ ደግሞ ዲግሪና ሜትር ተቀላቅሎብኝ ወንዙ ከካርታው ጠፋ፤ ፈልጌ ፈልጌ አገኘሁት ስል አትላንቲክ ውስጥ። ባለ 30 ሜትሩን የከፍታ መረጃ አላነሣም፤ ከተማ ውስጥ ቦርከና ከነዳርቻው አንዲት ካሬ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል።

ዋናውን ካርታ ለመግዛት አዲስ አበባ የሄድኩ ጊዜ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። የትብብር ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። «ደብዳቤው ለእኛ አይልም፣ ለሚመለከተው ሁሉ ነው የሚለው» ተባልኩ። እናንተ አይመለከታችሁም? ብል «ነገ በእኛ ስም አስጽፈህ ና።» ነገ ማለት ደሴ ደርሶ መልስ ነው። አስጽፌ መጣሁ። የሚፈርሙት ስብሰባ ናቸው። ከሰዓት ስመለስ ፈርመው ወጥተዋል፣ ማህተም ያዢዋ ግን ልጅ አሟት ሄዳለች። ሦስተኛው ቀን ካርታው ተገኘ። ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል አዲንዳን ይላል። ያንን ጥግ ያን ጊዜ ባነበው ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ሐሙስ ማታ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ ስንወጣ መኪናው ውስጥ የሚያወራ ሰው ጠፋ። የቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ግን እያወራ ነበር። አንሶላው፣ ከዘራውና እኔ፣ በአንድ ፎቶ። ከሥሩ «ሪቨር ዳይቨርዥን»፣ ወንዝ ማዞር፣ ብለውበታል።

ደሴ ጉም ወርዶባት ነበር። ጋቢ ለብሼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። የወንዙ መነሻ የሚለው ቦታ ላይ 20137 ጻፍኩ፤ አዲንዳን፣ ዞን 37 ማለት ነው። ከዚያ ወደ 32637፣ ወደ ደብሊው ጂ ኤስ 84፣ አሻገርኩት። ቦርከና ብድግ ብሎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሄደና ጎድጓዳው ውስጥ ተኛ። በድልድዩ ሥር ገባ። ጃንክሽኖቹን አንድ በአንድ ወንዙ ላይ አስቀመጥኳቸው። ወንዙን የመለሰው ሥራ 4 ደቂቃ ነው የፈጀው። የሴትዮዋን ቤት ፈለግኩ። ቀዩ ውስጥ ናቸው።

አርብ ጠዋት አዲሱን ዝርዝር ይዤ ቢሮ ገባሁ።

«በአሮጌው ላይ ማህተም አርፏል» አሉኝ።

«አሮጌው ስህተት ነው።»

«ስህተት ከሆነ ማብራሪያ ጻፍ። ኮሚቴው ያየዋል። ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ከዚያ ለቀበሌው በደብዳቤ ይገለጻል።»

«ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል?»

«ሰብሳቢው ሥልጠና ላይ ናቸው።»

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከኮምፒውተሬ ወጥተው ወረቀቱ ውስጥ ገብተዋል። ያንን በምን ቁጥር እንደማሻግረው የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአለቃዬ፤ ሦስት መስመር ስላለፈ ለፋይል ብቻ
ድልድዩን ለለካው ልጅ፤ ይቅርታ
ለአባባ፤ ወንዙን ከሳሎንዎ የማስወጣቱ ሥራ በሂደት ላይ መሆኑን እንዲያውቁት
ለወንዝ ዳሯ እናት፤ ደብዳቤው እስኪፈረም ድረስ፣ እባክዎ የጤፉን ጆንያ ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡት